የዐፄ ምኒልክ መንኰራኵር በክረምትና በበጋ

በሐምሌ ወር ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ወደ እንጦጦ አቅጣጫ መኪና የነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። ከጋራው የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን አጥቦ መንገዱ ላይ ያነጥፈዋል። ሞተሩ ከፊት ሆኖ ኃይሉን ለኋላ እግሮቹ የሚሰጥ ጉልበተኛ መኪና እዚያ ሲደርስ፣ ነጂው ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ወደ ፊት በመራመድ ፈንታ ጅራቱን ወደ ቦዩ ይጥላል። ያው መኪና፣ ያው ነጂና ያው ዳገት በጥር ወር ሲገናኙ ግን ምንም ችግር አይፈጠርም። በሁለቱ ወሮች መካከል የተለወጠው ጎማው መሬቱን የሚነካበት፣ ከአዋቂ ሰው መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ቦታ ብቻ ነው።

ስለ ጎማ ምርጫ ሲነሣ ለሁሉም ወቅት የሚሆን የሚባለው ጎማ መጠቀሱ አይቀርም። ይህ ዓይነቱ ጎማ የታሰበው ግን በጋው ለሚሞቅና ክረምቱ ስስ በረዶ ለሚጥልበት አገር ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ወቅቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው አቧራና የጋለ ድንጋይ፣ ሁለተኛው ውሃና ጭቃ። ስለሆነም ጥያቄው ከአውሮፓው ጥያቄ ይለያል። ይህን ጥያቄ በአዲስ አበባ ከሁሉ አስቀድመው የተጋፈጡት ሹፌርም ጎሚስታም አልነበሩም፤ የአገሪቱ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። የዐፄ ምኒልክን ሕይወት ከእግር በታች ካለው ነገር ተነሥቶ መተረክ የተለመደ አይደለም። ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ከዘውዱ ወይም ከጦሩ ይጀምራሉ፤ አለዚያም ንጉሡ ወደ አገር ያስገቧቸውን አዳዲስ ነገሮች፣ ስልኩን፣ ባንኩን፣ መኪናውን፣ እንደ ሸቀጥ ዝርዝር ይደረድራሉ። ዝርዝሩ እውነት ነው። ነገር ግን ንጉሡ እነዚያን ነገሮች ለምን አጥብቀው እንደፈለጉ አያስረዳም። ምኒልክ በዘመናቸው ሁሉ የታገሉት አንድ የማይሸነፍ ጠላት ነበረባቸው፤ ይኸውም በየዓመቱ ለሦስት ወር ያህል መንግሥታቸውን ባለበት የሚያቆመው ክረምት ነው።

የተወለዱትም በዚያው በክረምት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ነው። አባታቸው በኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ነበሩ። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአውሮፓ ለሚመጡ እንግዶችና ለሚያመጧቸው መሣሪያዎች በራቸውን የከፈቱ ስለነበሩ፣ የልጅ ልጃቸው ለእጅ ሥራና ለማናቸውም ዓይነት ማሽን ያሳዩት ፍቅር ከየት እንደ መጣ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲያስገብሩ ኃይለ መለኮት ሞቱ፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅም ተወስደው በቴዎድሮስ እጅ አደጉ። ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ የገቡት በሰኔ 1857 ዓ.ም. ነው።

ቴዎድሮስ ስለ መንኰራኵር ያስተማሩት ትምህርት ከባዱ ክፍል የመጣው ምኒልክ ካመለጡ በኋላ ነው። ሴባስቶፖል የተባለውና 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ ጋፋት ላይ ተሠርቶ በሠረገላ ወደ መቅደላ ተጓዘ። ጉዞው ክረምቱ እንዳለፈ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የተጠናቀቀው በመጋቢት ነው። መንኰራኵሩ እንዲያልፍ ገደሉ ተናደ፣ ቋጥኙ ተፈለጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። አንድ ሙሉ በጋ አንድ መድፍ በማጓጓዝ አለቀ። ከዚያ በላይ ቢዘገዩ ኖሮ ዝናቡ ይደርስባቸው ነበር። ለሸዋው ንጉሥ ይህ ወሬ የሩቅ ተረት አልነበረም፤ መንገዱንም፣ ጋራውንም፣ ሰዎቹንም ያውቋቸው ነበርና።

በ1871 ዓ.ም. ገደማ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው ወጣት የስዊስ መሐንዲስ ወደ ሸዋ መጣ። እንደሚተረከው ከሆነ ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ ወይም ቤት እንዲሠራ ሳይሆን ጫማ እንዲሰፋ ነበር። ኢልግ ጫማ ሰፊ አለመሆኑን ለማስረዳት ሞክሮ ሳይሳካለት ስለቀረ ሰፍቶ አቀረበ ይባላል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለማሳቅ ነው። ለዚህ ሙያ ሰዎች ግን ከሳቅ በላይ ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም። እግር መሬትን የሚነካበትን ነገር በትክክል ያልሠራ መሐንዲስ ከዚያ በላይ ያለውን ቢሠራ ምን ያደርጋል? ኢልግ ከዚያ በኋላ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ በ1880ዎቹም አጋማሽ ከእንጦጦ ጋራ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረደ፤ ለረጅም ጊዜም የንጉሡ የቅርብ አማካሪ ሆኖ ኖረ።

ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ተነሥቶ በልቼ በኩል እንጦጦ የደረሰው በ1870ዎቹ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ብርዱ ኃይለኛ፣ እንጨቱም ቶሎ የሚያልቅ ነበር። ለቤተ ክርስቲያኑና ለአዳራሹ ሥራ እጀ ብልሆች ተፈለጉ። በትውፊት እንደሚነገረው ከሰሜን ሸዋ የመጡ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች በጋራው ግርጌ በዛሬው ቀጨኔ ሰፈሩ። ወንዶቹ ብረቱንና ሽመናውን፣ ሴቶቹ ሸክላውን ያዙ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ ያ ሕንፃ የቆመው በእንደነዚህ ያሉ ሰዎች እጅ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ አጠገብ ያለውን ሜዳ አዲስ አበባ ብለው ሰይመውት ስለነበር ከተማው ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ከላይኛው ቤተ መንግሥት ወደ ታችኛው የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ በቀጨኔና በአጠገቧ ባሉት ተረተሮች ላይ የተዘረጋ ነው።

ክረምቱ በመንግሥት ላይ የነበረው ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ ከዓድዋ ዘመቻ የበለጠ የሚያሳይ የለም። የክተት አዋጁ የታወጀው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ የተነሡት በጥቅምት፤ ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን። የቀን አቈጣጠሩ የጦር ስልት ብቻ አይደለም፤ የወንዞች ሙላትና የመሬቱ መድረቅ የወሰነው ነው። ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋው ሠራዊት ስንቁን፣ ጥይቱንና መድፉን ያጓጓዘው በሰውና በበቅሎ ጀርባ ነበር። በቅሎ ለዚህ አገር የተሠራች የሁሉም ወቅት ጎማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ኮቴዋ ጠባብ ነው፣ ጭቃ ላይ ይጠልቃል፣ ድንጋይ ላይ ይይዛል፣ ባለቤቷም ነዳጅ አይገዛላትም። ጉድለቷ አንድ ነው፤ ከአንድ ኩንታል ብዙም የሚበልጥ አትሸከምም። የዓድዋን ድል ያየ ንጉሥ ሁለት ነገር ተገንዝቦ ይሆናል፤ በቅሎ ጦር እንደምታሸንፍና በበቅሎ ብቻ ግን አገር እንደማይገነባ።

ከዓድዋ በኋላ የነበሩት አሥራ ሦስት ዓመታት የሩጫ ዓመታት ናቸው። በጦር ኃይል ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሰፋው ግዛት፣ ብዙ ሕዝብ ዋጋ የከፈለበት ግዛት፣ መልእክት ለማድረስ እንኳ ሳምንታት ይፈልግ ነበር። የምድር ባቡሩ ፈቃድ ለኢልግ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ቢሆንም ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ ድሬ ዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነበር፤ እዚያም ለዓመታት ቆመ። ከድሬ ዳዋ ወዲህ ያለው የቅፍለት መንገድ እንጂ የመኪና መንገድ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የተጠረገው ጎዳና በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ንጉሡ መንገድና ሕንፃ ሲሠራ ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይሸከሙ እንደ ነበር ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። መኳንንቱም ከዚያ ወዲያ መሸከማቸው አልቀረም።

በ1890ዎቹ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ለመንገድ ሥራ የሚሆን በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ ማሽን አስመጣ። ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር አለው። ይህ ማሽን በአዲስ አበባ ምድር ላይ በገዛ ጉልበቱ የተንቀሳቀሰ የመጀመሪያው ባለ መንኰራኵር ነው ማለት ይቻላል። በከፊል በራሱ ኃይል፣ በከፊልም እጅግ ብዙ ሰው እየጎተተው በቅፍለቱ መንገድ ወደ ከተማው ገባ። የእንዲህ ያለው ማሽን እግሮች ብረት ናቸው፤ ኃይሉም የሚሄደው ወደ ኋላዎቹ ነው። ብረት በደረቅ ጠጠር ላይ ጥሩ ነው፤ መንገዱንም ራሱ እየደመደመ ይሄዳል። ዝናብ ባራሰው ዋልካ ላይ ግን ክብደቱ የገዛ ጠላቱ ይሆናል፤ መንኰራኵሩ በተሽከረከረ መጠን ራሱን እየቀበረ ይሄዳል። ይህ ችግር ከሴባስቶፖል ሠረገላ ችግር የተለየ አልነበረም። የተለወጠው ጎታቹ ብቻ ነው።

በ1900 ዓ.ም. በጋ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን መኪና ከጂቡቲ በኩል በረሃውንና ጋራውን አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ በሳክሶኒ ኮስዊግ ከተማ የተሠራውን ናኬ የተባለ መኪና ይዞ ተከተለ። ምኒልክ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ። ተሳፍረው ሄዱ፤ ወደዱትም። ሕዝቡ ፈረስ የሌለው ሠረገላ ሲሮጥ አይቶ መደነቁ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ስለ መኪናው እግር ግን የተጻፈው ጥቂት ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል።

በአየር የተሞላ ጎማ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ዕድሜ ብቻ ነበረው። ቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ የልጁን ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ለማለስለስ ሲል ሠርቶ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ሮበርት ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ከእርሱ በፊት በ1845 ያንኑ ሐሳብ አስመዝግቦ ነበርና የደንሎፕ መብት በኋላ ፈረሰ። የሚሽለን ወንድማማቾች ደግሞ በ1895 ከፓሪስ ቦርዶ በተደረገው ውድድር መኪናን በአየር ጎማ አስኬዱ። በ1900 ዓ.ም. የነበረው ጎማ ዛሬ የምናውቀው ጥቁር ጎማ አይደለም። ጎማውን የሚያጠነክረው የካርቦን ጥላሸት በስፋት የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህም መልኩ ነጣ ያለ፣ አካሉም ቶሎ የሚበላ ነበር። በውስጡ ያለው በሸማ አሠራር የተሠራ ወፍራም የጥጥ ሸራ ሲሆን ድሩና ማጉ በእያንዳንዱ ዙር እርስ በርሱ እየተፋተገ ይጋጋጥ ነበር። ካላማዳሪያው ደግሞ በከፍተኛ ግፊት ይነፋል። በብዙዎቹ ጎማዎች ላይ ጥርስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ገጻቸው ልሙጥ ነው። ጥርስ ያለው የመኪና ጎማ ለገበያ መቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1904 ገደማ ነበር።

ስለሆነም በዚያ ዘመን መኪና የገዛ ሰው ምርጫው ከሦስት አያልፍም። አንደኛው ልሙጡ ጎማ ነው፤ በደረቅ መንገድ ፈጣንና ለስላሳ፣ በርጥብ መንገድ አደገኛ። ሁለተኛው በላዩ የቆዳ ቀበቶ ለብሶ በቆዳው ላይ የብረት ችንካር የተመታበት ነው፤ ጭቃውን ነክሶ ይይዛል፣ የግራርን እሾህም ይከላከላል፤ በደረቅና ለስላሳ ድንጋይ ላይ ግን ልክ እንደ አዲስ ጫማ ያንሸራትታል፤ ችንካሩም እየጋለ ቆዳውን ያላቅቀዋል። ሦስተኛው ልሙጡን ጎማ አድርጎ ጭቃ ሲመጣ ሰንሰለት መጠቅለል ነው። ይህ ከሁሉ የተሻለው ምክር ይመስላል፤ ሆኖም በአንድ ቀን ጉዞ አሥር ጊዜ ጭቃና ድንጋይ በሚፈራረቅበት አገር ሰንሰለቱን የሚያስርና የሚፈታ ሰው ከነጂው ጎን መቀመጥ አለበት። ዛሬ በዝናብ መንገድ ላይ የጎማ ጥርስ ጥልቀት ከ3 ሚሊሜትር በታች ሲወርድ ውሃውን መጭመቅ ያቅተዋል እየተባለ ሹፌሮች ይመከራሉ። በ1900 ዓ.ም. የነበረው ጎማ በአዲስነቱም ዕለት ጥርሱ ዜሮ ነበር።

በዚህ ላይ የመኪናው አሠራር ይጨመራል። በዚያ ዘመን የነበሩት መኪናዎች ኃይላቸው ወደ ኋላ እግሮች ነበር፤ ፍሬናቸውም የሚይዘው ኋላውን ብቻ ነው። የፊት እግር ፍሬን የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ወዲህ ነው። ይህ ማለት መውጣቱም መቆሙም በሁለት የመዳፍ ያህል ቦታዎች ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሒሳቡን ለሙያው ሰው ማሳየት አይከብድም። ከመኪናው ክብደት 60 በመቶው ዳገት ሲወጣ በኋላ እግሮች ላይ ያርፋል እንበል። ደረቅ ድንጋይ ላይ የመያዝ አቅሙ 0.7 ቢሆን ጎማው ራሱ እስከ 42 በመቶ የሚደርስ ዳገት አያቅተውም። ርጥብ ጭቃ ላይ አቅሙ ወደ 0.25 ቢወርድ ከ15 በመቶ በላይ አይወጣም፤ ባለበት ይሽከረከራል። የባሰው መውረዱ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳልና በኋላ እግሮች ላይ ግማሹ ቢቀር፣ በዚያው ጭቃ ላይ ከ12.5 በመቶ በሚበልጥ ቁልቁለት መኪናውን የሚያቆመው ነገር የለም። በሌላ አነጋገር መኪናው በገዛ ጉልበቱ የወጣውን ዳገት ተመልሶ ለመውረድ አይችልም። ከእንጦጦ ወደ ቀጨኔ የሚወርዱት ተረተሮች ብዙ ቦታ ላይ ከዚያ የበለጡ ናቸው።

ሞተሩ ራሱ ከሚባለው በታች ነበር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩቡን ያህል ይቀንሳል፤ ፋብሪካው 20 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ሲደርስ 15 ያህል ብቻ ይሰጣል። እንዲያውም ይህ በጭቃ ጊዜ ጥቅም ነበረው። ኃይል ሲበዛ የኋላውን እግር ማንሸራተት ይቀላልና የደጋው ስስ አየር ነጂውን ከገዛ እግሩ ያድነው ነበር ማለት ነው። በኋለኞቹ ዘመናት በዚህ ከተማ ዳገቶች ላይ የላዳ ታክሲ የነዱ ሰዎች ምስጢሩን ያውቁታል፤ ቀስ ብሎ በሁለተኛ ማርሽ የወጣው ይወጣል፣ የተቆጣው ይቀራል።

ወደ ጎማው አካል እንመለስ። የጥጥ ሸራ፣ ቆዳ፣ የብረት ችንካር፤ በላያቸውም ከባሕር ማዶ የመጣ የዛፍ ሙጫ። በችንካር የተመታው ጎማ ከአራቱ ነገሮች ሦስቱን የሚያውቁ እጆች በኢትዮጵያ ነበሩ፤ ሸማኔው፣ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከቤተ መንግሥቱ ሽቅብ ባለው በቀጨኔ ተረተር ይኖሩ ነበር። ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች በጊዜው በአገሩ ሰው ዘንድ ቡዳ እየተባሉ የሚሸሹ፣ ከእነርሱ ጋር መብላትና መጋባት የሚያስነውር የሚመስላቸው ብዙዎች የነበሩባቸው ሰዎች ናቸው። ማረሻውን፣ ጦሩን፣ ቁልፉን፣ ኩታውንና እንስራውን ከእጃቸው እየተቀበለ ስማቸውን የሚያጠፋ ሕዝብ መካከል ነበር የሚሠሩት።

ምኒልክ ይህን አይተውታል። ያው መኪናው በገባበት በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሌሎችም በሙያቸው ምክንያት የሚጠሩባቸውን የስድብ ስሞች እየጠቀሱ ወቀሱ፤ የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን የመጣ መሆኑን አስታወሱ፤ ስድቡ ብልሃተኛውን እያስመረረ አገሩን ባዶ እንደሚያደርግ አስጠነቀቁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚሳደበውንም በእስራት እንደሚቀጡ አስታወቁ። አዋጁ ከመኪናው ጋር የተያያዘ አይደለም፤ በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከውጭ አገር የመጣውን ማሽን ለማየት ሕዝብ በአደባባይ ሲሰበሰብ፣ የዚያን ማሽን እግር ሊጠግኑ የሚችሉት ሰዎች በዚያው ከተማ ስማቸው እንዳይጠፋ በአዋጅ መጠበቅ ነበረባቸው። በሌላም በኩል ሲታይ አዋጁ ጉድለት ነበረው። ስድቡን ከአፍ ከለከለ እንጂ ከልብ አላወጣውም፤ ለእጀ ብልሁ ትምህርት ቤትና ትልቅ የሥራ ቦታም አብሮ አልታወጀለትም። የቀጨኔ ሰዎች ንጉሡ ካለፉ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላም ያው ሐሜት ይደርስባቸው ነበር። ምኒልክን ከዚህ በላይ ማወደስም ከዚህ በላይ መውቀስም ፍርድ ማዛባት ይሆናል፤ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ሰዎች መካከል ይህን ቃል በአደባባይ ያወጁት እርሳቸው ናቸውና።

መኪናዎቹ አዲስ አበባ ላይ ያገኙት ክረምት የመጀመሪያው በ1900 ዓ.ም. መጨረሻ የዘነበው ነው። የከተማው የዓመት ዝናብ 1,200 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን ከወሮቹ ሁሉ ብዙ የሚዘንበው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አስፋልት ያልለበሰ ጎዳና በእነዚያ ወሮች ጎዳና መሆኑ ይቀራል። ከመኪና የሚጠበቀው ከበቅሎ የተሻለ ሆኖ መገኘት ነበር፤ በበጋ ሆነ፣ በክረምት ግን በቅሎዋ ቀደመች። ምኒልክ በቅሎዎቻቸውን አለመሸጣቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

የንጉሡም ጤና መታወክ ጀምሮ ነበር። ሐኪሞች ቢመጡም፣ ጠበልም ቢሞከር፣ ሰውነታቸው እየደከመ ሄደ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አስታወቁ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የደረሰባቸው ሕመም አካላቸውን ሽባ አድርጎ አንደበታቸውን ዘጋው። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ያህል በሕይወት ቢቆዩም መንግሥቱን የሚያንቀሳቅሱት ሌሎች ነበሩ። በማለዳ ተነሥተው የሚሠራ ነገር ሁሉ ካለበት ቦታ ይገኙ የነበሩት ሰው ከአልጋ ላይ ሆነው የመኪናውን ድምፅ ሰምተው ይሆናል። ከመኪና ጋር የኖሩት በጤናቸው ዘመን ሁለት በጋና ሁለት ክረምት ብቻ ነው፤ ለማወቅ ይበቃል፣ አንድ ነገር አጥንቶ ለመለወጥ ግን አይበቃም።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለረጅም ጊዜ በይፋ ሳይነገር ቆየ፤ ዐፅማቸው በመጨረሻ ያረፈው ልጃቸው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ባሠሩት በታዕካ ነገሥት በዓታ ነው። ፈቃዱን በ1886 ዓ.ም. የሰጡበት የምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው እርሳቸው ካረፉ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ በ1909 ዓ.ም. ነበር፤ የብረት መንኰራኵሩም በገዛ የብረት መንገዱ ላይ ይሄድ ስለነበር በሐምሌም በጥርም ከጂቡቲ ተነሥቶ ይመጣ ጀመር።